ጨብጦ መልቀቅ

ዛሬ ኑዋራ ኤሊያ፣ ሲሪላንካ። 1,868 ሜትር ከፍታ፣ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ፣ እንግሊዞች የተዉት ባለ ቀይ ጡብ ፖስታ ቤት።

ሻይ ፋብሪካው ላይኛው ፎቅ አንዲት ሠራተኛ ከማጠውለጊያው (የተለቀመው ቅጠል እርጥበቱ ቀንሶ እንዲለሰልስ ከሚሰጣበት አልጋ) ላይ አንድ ጭብጥ ቅጠል አንስታ ጨመቀችና ለቀቀችው። ቅጠሉ ወዲያው ተዘረጋ። "ገና ነው" ብላ መለሰችው። የእርጥበት መለኪያው አጠገቧ ተሰቅሏል፤ ዞር ብላም አላየችው!

ጠውልጎ የደረሰ ቅጠል እንደተጨበጠ ይቆያል፤ አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ አይልም። ለዚህ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አየር ይነፋበታል። ጉም ሲሆን አየሩን ሞቅ ማድረግ ግድ ነው። ሳይጠወልግ ማሻው (ቅጠሉን አሽቶ የሚጠቀልለው ማሽን) ውስጥ ከገባ ጭማቂው ይፈሳል፣ ቅጠሉም ይቆራረጣል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ይፈረፈራል እንጂ አይጠቀለልም። ማድረቂያው ይህን አያርምም።

በነገራችን ላይ የደሴቲቱ ትልቁ ሰብል ድሮ ቡና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል ዋግ የሚባል በሽታ እርሻውን ጨረሰው፤ ሻይ በቦታው ገባ። ለኛ ለቡና አገር ሰዎች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ዋጉ እኛም ማሳ ውስጥ አለ።

የሻዩ አፈላል፦ ለአንድ ስኒ 2 ግራም፣ የፈላ ውሃ፣ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። እንደኛ ከቅርንፉድ ጋር ካንተከተኩት ይመርራል፤ ለስላሳው መዓዛም ይጠፋል።