ቀስ እያልኩ ነው የምቀንሰው፣ ምን ይሁን?

"ኦፕራሲዮን ሆነሽም አልቀጠንሽም?" ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ የሚለኝ ይሄንን ነው። እየቀነስኩ ነው እኮ። ቀስ እያልኩ።

እኔ የሆንኩት ስሊቭ የሚባለው የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማውን ቆርጦ ያወጣል። የምትቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነች ከረጢት ናት። እሷ ደግሞ ከእንጀራ ጋር አልተስማማችም። ትንሽ ፈጠን ብዬ ከጎረስኩ ደረቴ ላይ ይቆማል፣ ምራቄ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሩጫ ነው። ቀጠን ያለ ሽሮ በማንኪያ፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ እንቁላል ይሄድልኛል። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል።

ጾም ሲመጣ ነው ጉዱ። ሐኪሞች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይላሉ፤ እንቁላልና ወተት ከወጡ በምስርና በሽሮ ብቻ ያንን መሙላት በዚች ሆድ በጣም ከባድ ነው። የንስሐ አባቴ "ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ" ብለውኛል። ለእማዬ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም።

ኪሎ ለሳምንታት ቀጥ ማለቱ የተለመደ ነው። ዋናው ቅነሳ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እስከ 12 ወይም 18 ወር ድረስ ይቀጥላል፤ ስለዚህ በየማለዳው ሚዛን ላይ መውጣት ትቻለሁ (ያስጨንቃል!)። ማስመለሱ ከተደጋገመ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። በማስመለስ ብዛት ቫይታሚን ቢ1 ከሰውነት ሲያልቅ ነርቭን ይጎዳል።