ደርዘን

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ስሜን ተቀማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ የምጠራው «ደርዘን» ተብዬ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1987 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ፣ ከአራዳ ገበያ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ አልቆ፣ ሰልፉ ሳይበተን «ስማችሁ የሚጠራ ወደ ፊት ውጡ» ተባለ። የአንድ ረጂ ድርጅት ሰዎች ካሜራ ይዘው ቆመዋል። ስድስተኛ ተጠራሁ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነበር የምታሳድገን። ለካ ቀበሌው «የድሃ ድሃ» ብሎ መዝግቦን ኖሯል፤ ይህን የሰማሁት ያን ዕለት፣ ከመላው ተማሪ ጋር እኩል ነው። በላስቲክ የታሸገ አንድ ደርዘን ደብተር ሰጡኝና ደረቴ ላይ ከፍ አድርጌ እንድይዘው ነገሩኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። ካሜራ የያዘው ሰውዬ «ዓይንህን ግለጥ እንጂ!» አለኝ። በእረፍት ሰዓት አዲሱ ስሜ ወጣልኝ።

ደብተሮቹን አልጠላኋቸውም። እናቴ በጋዜጣ ለብዳልኝ ዓመቱን ሙሉ ጻፍኩባቸው። ግን ቤት ስገባ ስሙን ለእናቴ አልነገርኳትም። እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የክፍላችን ኃላፊ መምህር ጠሩኝ። «ከነገ ጀምሮ የጠመኔውን ሣጥን የምታመጣው አንተ ነህ፤ በጠዋት መምህራን ማረፊያ እየመጣህ ትወስዳለህ» አሉኝ። በማግስቱ ስሄድ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይና ዳቦ ተቀምጧል። «ሥራ ያለበት ሰው ቁርሱን ሳይበላ አይሄድም» አሉኝ ቲቸር። ደመወዜ ነው ብዬ በላሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሣጥን ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳላረፍድ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ደርዘን» የሚሉኝ ልጆች የጠመኔ ኃላፊ አልነበሩም።

ቤተሰባችን ካቶሊክ ነው። ጎንደር ላይ ካቶሊክ መሆን ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው፦ ጥቂት ነን፣ ቅዳሴያችን በግእዝ ነው፣ ጾማችንና በዓላችን ብዙውን ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ይውላል። ብቻ ታሪክ ክፍል ውስጥ አፄ ሱስንዮስ ሲነሣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ ያይሃል። ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት አውጀው፣ አገር በደም ታጥቦ፣ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁበት ታሪክ ነው። ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት እኚሁ ፋሲለደስ ናቸው። እኔ ግንቡን ባየሁ ቁጥር ያ አዋጅ ትዝ ይለኛል። በአዋጅ የገባ እምነት በአዋጅ ወጣ። ጎንደር ውስጥ የተማሩትና ያስተማሩት፣ በኋላም በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት እንደታሰሩ ያረፉት ካቶሊካዊው መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ማንንም አላስገደዱም፤ እስከ ዛሬ በፍቅር እናስባቸዋለን።

ዛሬ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። የአንድ ካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። የኦንታሪዮ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መብት ከ1867ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ በጀታቸውም የመንግሥት ነው። ሃይማኖት እንደ ሒሳብ በክፍለ ጊዜ ይሰጣል፤ ጠዋት ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይደረሳል፤ በየክፍሉ መስቀል ተሰቅሏል። መጀመሪያ ስገባ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የኛ አገር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ስለሚል፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች እንኳ በክፍል ውስጥ ሃይማኖት አያስተምሩም። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ «ርኅራኄ»፣ «ፍትሕ»፣ «የሰው ልጅ ክብር»። እነዚያን ጽሑፎች በየሳምንቱ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ።

ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ትምህርት ቤቱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የጣሳ ምግብ ይሰበስባል። በጎ ሥራ ነው። አንድ ዓመት ልጆቹን ለማበረታታት ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ተለጠፈ። የየክፍሉ ስም፣ ከጎኑ ያመጡት የጣሳ ብዛት። ብዙ ያመጣ ክፍል ፒዛ ይጋበዛል።

እናቱ በጠዋት ሥራ ስለምትገባ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ወንበር ሳወርድ ያግዘኛል። አንድ ቀን ከቦርሳው ሁለት ጣሳ ሽንብራ አወጣና ሣጥኑ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሰንጠረዡን አየ። ልጁ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ጎንበስ ብዬ ጣሳዎቹን አነሣኋቸው። ክዳናቸው ላይ ጊዜያቸው የሚያልፍበት ዓመት በጥቁር ማርከር ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ድሆችን በሚረዳው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ። እኔም እንግዳ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት ከዚያው ነበር እርዳታ የምቀበለው። ይህ ማኅበር በ1833 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የተጀመረው ፍሬደሪክ ኦዛናም በሚባል የ20 ዓመት ተማሪና በጓደኞቹ ነው። ድሃውን ወደ ራሳቸው አልጠሩም፤ እነሱ ወደ ቤቱ ነበር የሚሄዱት። ጎንደር ላይ የታሰሩት ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም ቅዱስ ቪንሰንት ራሱ ቀድሞ በመሠረተው ሌላ የካህናት ማኅበር ውስጥ ያደጉ ካህን ናቸው። ስለዚህ ያ ቅዳሜ ለእኔ የባዕድ አገር ነገር ሆኖብኝ አያውቅም። ሽንብራዎቹን ከሁለት ቀን በፊት ለልጁ እናት በከረጢት ያቀበልኳት እኔው ነበርኩ። ልጁ ከቤቱ ምሳ ላይ ቀንሶ ነው ለ«ድሆች» ያመጣው፤ በክፍሉ ፊት ባዶ እጁን ላለመቆም።

ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ዋለ። ማታ ሄጄ የሃይማኖት ትምህርቱን ለምታስተባብረው መምህርት ነገርኳት፤ የልጁን ስም ግን አልነገርኳትም። ከሕፃናቱ ወንበር በአንዱ ላይ ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በማግስቱ ሰንጠረዡ የለም። ፒዛውም ለመላው ትምህርት ቤት ሆነ። ሣጥኑ ክዳን ተሠራለትና ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ማንም በማያይበት ቦታ ተቀመጠ፤ ማስገባትም ማውጣትም ይቻላል፣ የሚጠይቅ የለም። በላቲን ሥርዓት (በምዕራባውያኑ ካቶሊኮች ዘንድ) ዐቢይ ጾም የሚጀመረው ግንባር ላይ አመድ በሚቀባበት ረቡዕ ነው፤ የዚያን ዕለት የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ነው፤ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ»። እዚያ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ያን ዓመት ግን የእኔን ሥራ የሚመለከት ሆኖ ገባኝ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መለያው በወንጌል የነጻነትና የፍቅር መንፈስ የተሞላ ማኅበረሰብ መፍጠሩ ነው ይላል። ማኅበረሰብ የሚለው ቃል ውስጥ መምህሩ ብቻ ሳይሆን በር ከፋቹም፣ ያ ልጅም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ በአፌም ተናግሬ፣ በዓመቱ እኔው ራሴ ልሠራው ተነሣሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ወደ ጎንደር ልሄድ ስል በቁምስናችን ያለን ሐበሾች ገንዘብ አዋጣን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ እስክሪብቶና ኮምፓስ፣ ማስመሪያና ቀለም ሞላሁ። ለጫማ መግዣ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ያዝኩ። ከኮሚቴው አንዱ «ፎቶና ቪዲዮ እንዳትረሳ፤ ሰው ያዋጣበትን ማየት አለበት» አለኝ። «እሺ» አልኩ፣ ምንም ሳይቆረቁረኝ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ፣ በማግስቱ የድሮ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ በደስታ ተቀበሉኝ፤ የ40 ልጆች ስም ዝርዝር ታትሞ ተሰጠኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ ተባብለን ተለያየን።

ቅዳሜ ቲቸርን ልጠይቅ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሽበት ብቻ ሆነዋል። ጉልበት ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። ባለቤታቸው ቡና ሲያፈሉ እኔ ስለ ሰኞው ፕሮግራም አወራሁ። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰልፉ ላይ?» አሉኝ።

«አዎ ቲቸር።»

«ስም እየተጠራ?»

«አዎ... ርእሰ መምህሩ ናቸው...»

ትንሽ ቆዩና «አንተ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ባለቤታቸው ዝምታው ከብዷቸው ይሁን አይሁን እንጃ፣ «ይሄ ያ ዳቦ የምታበሉት ልጅ አይደለም እንዴ?» አሏቸው። ቲቸር በዓይናቸው ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ እሳቸው ግን ጀበናውን እያዘነበሉ ቀጠሉ። «በየወሩ ከደመወዙ ያነሣ ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ያሉት መምህራን ሁሉ ያዋጡ ነበር።»

«ቲቸር፣ ደመወዜ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። 34 ዓመቴ ነው፤ ድምፄ ግን የዚያ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ሣጥኑን አምጥተሃል፤ ደመወዝህ ነው» አሉ ቆጣ ብለው።

ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣ። እኔ ብቻ አልነበርኩም። ደወል የሚደውለው ልጅ፣ አበባ የምታጠጣዋ ልጅ፣ ካርታ ከቢሮ የሚያመላልሰው ረጅሙ ልጅ። ሁላችንም ሥራ ነበረን፤ ሁላችንም በየተራችን፣ በተለያየ ሰዓት ዳቦ ነበረን። አንዳችን ስለ ሌላችን አናውቅም ነበር። ሰልፉ ላይ ከተጠሩት ልጆች ውስጥ ሥራ ያልተሰጠው አልነበረም። መምህራኑ ያንን ጠዋት እንዳዩ በዚያው ሳምንት ተመካክረው ነው። ቲቸር ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንድ መስመር አንብበው አያውቁም፤ ክፍል ውስጥም ስለ እግዚአብሔር ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ ቶሮንቶ ግድግዳ ላይ አቧራውን የማራግፈውን ነገር ግን ካየሁት ሰው ሁሉ አጥብቀው ኖረውታል። ይህን ስጽፍ እምነቴን ለማሳነስ አይደለም። እምነቴ የሚያዘኝን በልጅነቴ ከማን እጅ እንደበላሁ ልመሰክር ነው።

ሰኞ ከሰልፉ በፊት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነበርን፣ ቲቸርም አብረውኝ መጡ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስጋታቸውም እውነት ነበር። «ፎቶ ካልተላከ ለጋሽ ዳግመኛ አይሰጥም» አሉ። ለለጋሾቹ መልሱን እኔ እንደምሰጥ ነገርኳቸው። እስክሪብቶውና ኮምፓሱ ለአራተኛ ክፍል በሙሉ፣ በየክፍሉ፣ ለሀብታሙም ለድሃውም ልጅ እኩል ታደለ። ጫማው ላይ ግን ቲቸር መላ ነበራቸው። አራዳ ካለ አንድ የጫማ ነጋዴ ጋር ተነጋገርን፤ ሒሳቡ ቀድሞ ተከፈለ፤ የክፍል ኃላፊዎቹ ለእናቶቹ ለየብቻቸው ነገሩ። እናት ልጇን ይዛ በፈለገችው ቀን ሄዳ መርጣ ትወስዳለች። ስም ዝርዝሩን ቲቸር አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቶሮንቶ ስመለስ የነጋዴውን ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ብቻ ነው ያቀረብኩት። አብዛኛው ሰው ገባው። አንድ የማከብራቸው አባት ግን «ያለ ፎቶ ምን ማስረጃ አለ?» ብለው ተቆጡ፤ ማዋጣትም አቆሙ። እስካሁን ልባቸው አልተመለሰም፤ እኔም በየጊዜው እሄድባቸዋለሁ፣ አልተውኳቸውም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የገበያው ቀን፣ በዚያ ሱቅ በር አለፍኩ። አንዲት ነጠላ ያጣፋች እናት ከልጇ ጋር ውስጥ ነበረች። ልጁ ነጩን ጫማ አጥልቆ አልወልቅም ብሏል። «ይሄ ለዛሬ ነው የሚያምረው፤ ነገ ጭቃ ነው!» ትለዋለች። ነጋዴው ጥቁሩን አወረደ፤ እሷ አገላብጣ ሶሉን በጥፍሯ ፋቀችውና «ይሄማ ክረምት አያሻግርም፣ ሌላ አምጣ» አለችው፣ ፊቷን አኮሳትራ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከጎረቤቱ ሱቅ ባትሪ ድንጋይ የምገዛ መስዬ ቆምኩ።