በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፈተው ሻወር

ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ነው። በግቢው ጥግ ያለው የእንግዳ ክፍል የራሱ ሻወርና መጸዳጃ ቢኖረውም፣ የሚከፈተው ዘመዶቻችን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲመጡ፣ ማለትም በሐምሌ 19 እና በታኅሣሥ 19 ሰሞን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉትን አምስት ወይም ሰባት ወራት ተቆልፎ ይቆያል። እኔም ወለሉን አጥቤ፣ ሸክላውን ወልውዬ ከቆለፍሁት በኋላ ንጹሕ ሆኖ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሐምሌ ላይ ግን አጎቴ ከመንገድ ደክመው ገብተው ገላቸውን ሊታጠቡ በሩን ሲከፍቱ የፍሳሽ ሽታ ተቀበላቸው፤ ሁለት በረሮዎች ከወለሉ ማፍሰሻ ወጡ፤ ከሻወሩም መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎም ለብ ያለ ውሃ ወረደ። «ልጄ፣ ይህ ውሃ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተኛው?» አሉኝ። እርሳቸው ለቀልድ ያህል ነበር፤ እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

በማግስቱ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ የእጅ ባትሪውን ወደ ማፍሰሻው አብርቶ «ሲፎኑ ደርቋል እኮ እትዬ» አለኝ። ከወለሉ በታች ያለው የታጠፈ ቱቦ ዘወትር ጥቂት ውሃ ይዞ የሚቆየው ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታና ነፍሳት ለመዝጋት ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ያ ውሃ ሲተን የሚተካው ከሌለ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይቆጠራል። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ በየጊዜው አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ፣ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ትነቱን እንዲያዘገይ ጥቂት የምግብ ዘይት መጨመር። ስለ ሽታው ይህን ያህል ይበቃል።

ያስቸገረኝ ውሃው ነው። የከተማችን ውሃ ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣና ማዕድን የበዛበት በመሆኑ፣ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት በሻወሩ ራስ ቀዳዳዎችም ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ውሃ ከማጥበቡ ይልቅ ለባክቴሪያ መሸሸጊያ መሆኑ ይብሳል። ከባክቴሪያዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝ ሌጂዮኔላ የሚባለው ነው፤ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፊላዴልፊያ ውስጥ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ በተከሰተው የሳንባ በሽታ ምክንያት የተለየና ስሙንም ከዚያ ያገኘ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው በተኛ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ግን ብዙ አይቆይም። ሰውን የሚይዘውም በአብዛኛው ከሻወር የሚበተነውን ረቂቅ ጠብታ ሲተነፍስ ሲሆን፣ አረጋውያን፣ አጫሾችና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። እንግዶቼን በሐሳቤ ስቆጥራቸው አብዛኞቹ ከስልሳ ዓመት በላይ ናቸው። በግንቦት ቴርሞሜትር ወስጄ የ«ቀዝቃዛውን» ቧንቧ ብለካው 33 ዲግሪ አሳየኝ።

ጽዳቱን የጀመርሁት በስሕተት ነው። ማፍሰሻው ላይ በረኪና አፍስሼ ሳለ፣ ቅርፊቱን ለማሟሟት የሻወሩን ራስ በአቼቶ ስቀባው አቼቶው ወደ ወለሉ ተንጠባጠበ፤ ወዲያው ጉሮሮዬ ተቃጠለና እየሳልሁ ወደ ግቢው ሮጥሁ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የሻወሩን ራስ ፈትቼ ሌሊቱን በአቼቶ ውስጥ በሌላ ክፍል አሳድረዋለሁ፤ በረኪናውን የምጠቀመው በሌላ ቀን ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን 1,000 ሊትር ሮቶ ካጠብሁት በኋላ ሞልቼ፣ 5 ከመቶ የሆነ አንድ ሊትር በረኪና ጨመርሁበት፤ ይህም በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ገደማ ይሆናል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪደርስባቸው ከፍቼ ዘጋኋቸው፤ ጥቂት ሰዓታት አቆይቼም ሽታው እስኪጠፋ አፈሰስሁት። የሚጠጣውን ቀደም ብዬ በጀሪካን ሞልቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው በየሳምንቱ ማፍሰስ ነው፤ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ግን ውሃ እያፈሰሱ መቆም ኅሊናን ይቆረቁራል። ስለዚህ ለካሁት። ውስጡ 15 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በአንድ ሜትር 0.18 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከሮቶው እስከ ሻወሩ 18 ሜትር ቢሆን በመስመሩ የተኛው ከሦስት ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ ባልዲ ሞልቼ ሳፈስ መስመሩ ከበቂ በላይ ይታደሳል፤ ሮቶው ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ስለሚያገለግል ውሃው በውስጡ አያረጅም። ራሱን ፈትቼ የሻወሩን ጎማ እስከ ባልዲው ግርጌ አወርደዋለሁ፤ ጠብታው እንዳይበተን ነው። ባልዲው ለመጸዳጃው ይውላል፤ በከንቱ የሚፈስ የለም።

ሂሳቡ የተበላሸው የውሃ ማሞቂያው ዘንድ ስደርስ ነው። 50 ሊትር የሚይዘው ይህ ዕቃ፣ የሚገባው አዲስ ውሃ ከአሮጌው ጋር ስለሚደባለቅ በ50 ሊትር እንኳ አይታደስም። ይባስ ብሎ መብራት ለመቆጠብ ብዬ ማስተካከያውን 40 ዲግሪ ላይ አድርጌ ነበር የምተወው፤ ባክቴሪያ ሊራባ የሚወደውን ሙቀት በራሴ ገንዘብ ማለት ነው። 60 ላይ አድርጌ በየሳምንቱ ላሙቀው ብዬ ለአንድ ወር ሞከርሁ፤ ለማንም ገላ ለማይሆን ውሃ የምከፍለው መብራት ግን አበሳጨኝ።

በመጨረሻ አስነቀልሁት። ሠራተኛው ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ቱቦ ግድግዳው ላይ በታፓ ሊዘጋው ፈለገ፤ እንደዚያ ቢሆን ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ሦስት ሜትር የሚሄደው ቱቦ መውጫ የሌለው ውሃ ይዞ ይቀር ነበር። ግድግዳ መፈልፈል ቢያስፈልግም ከመገንጠያው ላይ እንዲቆርጠው ለመንሁት። እያጉረመረመ ቆረጠው፤ ሸክላውም በሌላ ቀለም ተተካ። በታኅሣሥ ጧት ሞቅ ያለ ውሃ የሚወዱት አጎቴ አሁን ከማድ ቤት በባልዲ ይቀርብላቸዋል።