ኮሪያ መንግስት ት/ቤት እንግሊዘኛ ሳስተምር የደሞዝ እርከኔን እንዴት እንዳስተካከልኩ

እናቴ ደብረ ብርሃን 14 አመት ያስተማረች ሰው ናት። ኮሪያ ስራ አገኘሁ ብዬ ስደውልላት ገና እልልታዋን ሳትጨርስ «እርከንሽ ስንት ላይ ነው?» አለችኝ። ሌቭል 3 ነው ያሉኝ አልኳት። «ከስንት?» አላወቅኩም። «የስራ ልምድሽን ይዘውልሻል?» እሱንም አላወቅኩም። ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ ሳታነቢ ፈረምሽ እንዴ?» አለችኝ። አንብቤ ነበር፣ ግን ያነበብኩት ደሞዙ የተፃፈበትን መስመር ነው፣ ከዛ ቤት በነፃ ይላል፣ የመግቢያ አበል 1.3 ሚሊዮን ዎን ይላል፣ በቃ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ይሄ ነገር በአንድ አመት ወደ 2,300 ዶላር አሳጥቶኛል። እንዴት እንደሆነና በሁለተኛው አመት እንዴት እንዳስተካከልኩት ልፃፍላችሁ፣ በተለይ ውጭ ያደጋችሁ ልጆች ኮሌጅ ጨርሳችሁ ወጣ ብለን እናስተምር የምትሉ ካላችሁ።

መጀመሪያ ግን ማን መሄድ ይችላል የሚለውን ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ የኛ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሰበሩት። ኤፒክ የሚባለው ከ1995 ጀምሮ ያለ የኮሪያ መንግስት ፕሮግራም ነው፣ ለመንግስት ት/ቤቶች እንግሊዘኛ አስተማሪ ከውጭ ያመጣል። የሚቀበለው የሰባት አገር ፓስፖርት ነው፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ፓስፖርቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ዲግሪ እዛው አገር በእንግሊዘኛ ተምረሽ ቢያንስ 10 አመት ኖረሽ መሆን አለበት። እኔ 6ኛ ክፍል ጨርሼ ነው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የገባሁት፣ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። የአጎቴ ልጅ ግን 9ኛ ክፍል ነው የመጣው፣ ዜጋ ነው፣ እንግሊዘኛው ከኔ ይሻላል፣ ዲግሪው ራሱ እንግሊዘኛ ነው፣ አልተቀበሉትም። ሪክሩተሩ (ለፕሮግራሙ አስተማሪ የሚመለምለው) ይሄን ሳይጠይቀው ሶስት ወር ዶክመንት ሲያሰበስበው ከረመ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ልጁ ለኤፍቢአይ ከወንጀል ነፃ ወረቀት፣ ወረቀቱ ውጭ አገር እንዲታወቅ ለሚያደርገው አፖስቲል፣ ለትራንስክሪፕት ስንት ብር አወጣ። ስለዚ ሪክሩተር ስታናግሩ የመጀመሪያዋ ጥያቄያችሁ ስንተኛ ክፍል እንደመጣችሁ ትሁን።

ወደ እርከኑ ልምጣ። ሌቭሉ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር 3፣ 2፣ 2+፣ 1፣ 1+ ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ደሞዙ ይጨምራል፣ ፕላስ ያለው ደሞ ፕላስ ከሌለው ይበልጣል። ደረጃውን የሚወስነው የዲግሪሽ አይነት፣ የማስተማር ሰርተፊኬትሽና የስራ ልምድሽ ነው። በትምህርት የተመረቀ፣ ማስተርስ ያለው፣ የአስተማሪነት ላይሰንስ ያለው ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ እንደኔ ሳይኮሎጂ ተመርቆ የ100 ሰአት ቴፍል (የእንግሊዘኛ ማስተማሪያ ኮርስ) ብቻ የያዘ ከ3 ይጀምራል፣ አንድ ሙሉ አመት በሙሉ ሰአት ያስተማረ ከሆነ ግን ወደ 2 ከፍ ይላል። ገንዘቡ ደሞ እንደየከተማውና እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል፣ ሶል ሌላ፣ ቡሳን ሌላ፣ ገጠር ሌላ፣ ስለዚ ኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው ደሞዝ አይታችሁ አትወስኑ፣ የምትሄዱበትን ትምህርት ቢሮ የደሞዝ ሰንጠረዥ ጠይቁ። እኔ 2018 ስፈርም (በፈረንጅ ነው) በኔ ኮንትራት ሌቭል 3 በወር 1.8 ሚሊዮን ዎን ነበር፣ ሌቭል 2 ደሞ 2 ሚሊዮን። ያኔ ዶላር 1,100 ዎን ገደማ ነበር።

ችግሩ እኔ የአንድ አመት ልምድ ነበረኝ። ቨርጂኒያ አንድ ኤለመንተሪ ት/ቤት አመት ከስድስት ወር ሰርቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በግማሽ ሰአት፣ ከዛ በኋላ ሙሉ አመቱን በሙሉ ሰአት፣ እንግሊዘኛ ለማይችሉ ልጆች ትንሽ ክፍል ይሰጡኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞ ቤተክርስቲያን ለልጆች አማርኛ ሶስት አመት አስተምሬያለሁ። የቤተክርስቲያኑን በነፃ ስለሆነ አንቆጥርም አሉኝ፣ እሺ። የት/ቤቱን ግን ደብዳቤ አስገብቼ ነበር! ደብዳቤው እንዲህ ይላል፣ እገሊት ጎበዝ ናት፣ ልጆች ይወዷታል፣ ብናጣት እናዝናለን። አለቀ። መቼ እንደጀመርኩ የለም፣ መቼ እንዳቆምኩ የለም፣ በሳምንት ስንት ሰአት የለም፣ ሙሉ ሰአት የሚል ቃል የለም። ርእሰ መምህርቷ በፍቅር ነው የፃፈችልኝ፣ ግን ለቢሮ የማይሆን ፍቅር ነው።

ሌላው ስሜ ነው፣ ይሄን ሀበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ዲቪ ሲሞላ ላስት ኔም የሚለው ቦታ ላይ የአያቴ ስም ገባ፣ ስለዚ ፓስፖርቴ ላይ የራሴና የአባቴ ስም እንደ መጠሪያ፣ የአያቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ተቀምጧል። ት/ቤት ግን ሁሉም ሰው በራሴና በአባቴ ስም ነው የሚጠራኝ፣ ደብዳቤውም በዛው ነው የተፃፈው። ኮሪያ ያለው ቢሮ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ሁለት ሰው ነው ያየው። ማንም ደውሎ አልጠየቀኝም፣ የስራ ልምዱን ዝም ብለው ጣሉትና 3 ፃፉብኝ፣ እኔም 3 ላይ ፈረምኩ።

እዛ ደርሼ ሁለተኛው ወር ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ያውም ከጎረቤት መንደር የምታስተምር ደቡብ አፍሪካዊት ደሞዟን ስትነግረኝ። እንደኔ አንድ አመት ልምድ ነው ያላት፣ ሌቭል 2 ናት። ኮ-ቲቸሬን (አብራኝ የምታስተምረውን ኮሪያዊት) ይዤ ትምህርት ቢሮ አስደወልኩ። የተመለሰው መልስ ሌቭል የሚወሰነው ኮንትራት በሚፈረምበት ቀን በቀረበው ወረቀት ነው፣ መሀል ላይ አይቀየርም፣ ስታድሺ አምጪ የሚል ነው። 200 ሺህ ሲባዛ በ12፣ 2.4 ሚሊዮን፣ አመት ሲሞላ የሚሰጠው የስንብት ክፍያ ደሞ የአንድ ወር ደሞዝ ያህል ስለሆነ እሱም ላይ ይቀንሳል፣ 2.6 ሚሊዮን ማለት ነው። ያን ቀን ማታ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሳሰላው አለቀስኩ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ከጀማሪ መምህር ተነስታ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለች በወረቀት በወረቀት የወጣች ሰው ናት፣ አንድ ጊዜ ደብዳቤዋ ላይ ቀን ተሳስቶ እድገቷ አመት ዘግይቶባታል። «በይ ብእር ያዢ» አለችኝ። ስራ የጀመርሽበት ቀን፣ ወር፣ አመት። ያቆምሽበት ቀን፣ ወር፣ አመት። የስራ መደቡ መጠሪያ። በሳምንት ስንት ሰአት። ሙሉ ስምሽ እንደ ፓስፖርትሽ። የፈራሚው ስምና ሀላፊነት። ማህተም። እኔ አሜሪካ ማህተም የለም እኮ እማዬ ስላት «ማህተም የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው?» አለች። ለካ ኮሪያዎችም እንደሷ ናቸው! እዛ አገር ማህተም ትልቅ ነገር ነው፣ ኮንትራቱ ራሱ ላይ ቀይ ማህተም ነው የሚመታው፣ ቢሮውም በኋላ የጠየቀኝ እሱኑ ነው።

ስለዚ ርእሰ መምህርቷን ላስቸግራት አልፈለግኩም፣ ለድስትሪክቱ የሰው ሀይል ክፍል ኢሜይል ፃፍኩ፣ እማዬ የነገረችኝን በሙሉ በእንግሊዘኛ ዘርዝሬ እንዲህ አድርጋችሁ ፃፉልኝ አልኩ። የግማሽ ሰአቱን ስድስት ወርና የሙሉ ሰአቱን አመት ለየብቻ እንዲያስቀምጡት ጠየቅኩ፣ ተደባልቆ ከተፃፈ ሁሉንም ሊጥሉት ስለሚችሉ። በሶስት ሳምንት መጣ። ደብዳቤውን ወንድሜ ኖተሪ (ውልና ማስረጃ የሚያረጋግጥ ሰው) ጋ ወስዶ ማህተም አስመታልኝ፣ እኔ ደሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል ቃለ መሀላ ፈርሜ አያያዝኩ።

እስከዛው ግን አመቱን መኖር አለብኝ። የተመደብኩት ተራራ ስር ያለ ትንሽ ገጠር ነው፣ ሶስት ት/ቤት እየተዘዋወርኩ ነው የማስተምረው፣ አንደኛው ት/ቤት በጠቅላላው 19 ልጅ ነው ያለው። እዛ አንድ የጡረታ እድሜው የደረሰ ምክትል ርእሰ መምህር ከየት ነሽ ሲለኝ አሜሪካ አልኩት፣ ከዛ በፊትስ ሲለኝ ኢትዮጵያ ስለው ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ስለ ቃኘው ሻለቃ እኔ ከማውቀው በላይ ያውቃል፣ ከ6,000 በላይ ወታደር ከኛ አገር መጥቶ እንደተዋጋላቸው፣ ጃንሆይ በ1968 ቹንቾን መጥተው ሀውልቱን እንደመረቁ ነገረኝ። ቹንቾን ሄጄ ከዛው ከ1968 ጀምሮ ያለውን የኢትዮጵያ ቡና ቤት አየሁት። ይሄ ከደሞዝ ጋ አይገናኝም፣ ግን በዛ ወር ሌላ ምንም ደስ ያለኝ ነገር አልነበረም።

የደሞዝ ወረቀቱ በሙሉ በኮሪያኛ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይቼ ነው የምከተው። አንድ ቀን ፓፓጎ በሚባለው የትርጉም አፕ ፎቶ አንስቼ መስመር በመስመር አነበብኩት፣ መሰረታዊ ደሞዝ፣ የገጠር አበል 100 ሺህ፣ ከዛ የብዙ ት/ቤት አበል 100 ሺህ። ኮንትራቴን አወጣሁ። ሁለት ት/ቤት ለሚያስተምር 100 ሺህ፣ ሶስትና ከዛ በላይ ለሆነ 150 ሺህ ይላል። እኔ ሶስት ነኝ! ሶስተኛው ሲጨመርብኝ ፋይናንስ ክፍሏ አልተነገራትም። ወረቀቱንና ኮንትራቱን ይዤ ሄድኩ፣ ሳልጮህ፣ ሁለቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ በጣቴ አሳየኋት። ቁጥሩን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ በሚቀጥለው ወር የተረፈውን ጨምራ ከፈለችኝ። ከሌቭሉ የሚለየው እዚህ ነው፣ አበል ስህተት ከሆነ መሀል ላይ ይስተካከላል፣ ማየት ብቻ ነው። የትርፍ ሰአቱም እንደዛው፣ ኮንትራቱ የሚለው በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ነው፣ በሰአት የሚቆጠር አይደለም፣ ኤለመንተሪ 40 ደቂቃው እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። 23ኛውን ካስተማራችሁ የትርፍ ይከፈላል፣ ግን እናንተው ቆጥራችሁ ፃፉ፣ እኔ ትንሽ ደብተር ላይ በየሳምንቱ እፅፍ ነበር።

ግብርና ጡረታ ላይ ባጭሩ፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ መንግስት ት/ቤት ስታስተምሩ እስከ ሁለት አመት የኮሪያ የገቢ ግብር አትከፍሉም፣ ግን አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መስሪያ ቤት) የሚሰጠውን ፎርም 6166 የነዋሪነት ወረቀት ማቅረብ አለባችሁ። የሚጠየቀው በፎርም 8802 ነው፣ 85 ዶላር ከፍያለሁ፣ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚ ገና ሳትሄዱ ላኩት። ለጡረታ ከደሞዜ 4.5 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ ት/ቤቱ ያንኑ ያህል ይጨምራል፣ አሜሪካዊ ከኮሪያ ሲወጣ ድምሩ በአንዴ ይመለስለታል፣ እንግሊዛዊቷ ጓደኛዬ ግን አይመለስላትም። አንድ ኮንትራት ላይ ተመሳሳይ ደሞዝ ፈርመን እጃችን የሚገባው የሚለያየው በዚህም ነው። እና ደሞ ስድስት ወር ሳይሞላችሁ ከለቀቃችሁ የመግቢያውን 1.3 ሚሊዮን ትመልሳላችሁ፣ አመት ሳይሞላ ከለቀቃችሁ የስንብት ክፍያ የለም፣ አንድ ሳምንት ብቻ ቢቀርም የለም።

እድሳቱ ሲደርስ ቀኑን አልጠበቅኩም፣ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ደብዳቤውን፣ ቃለ መሀላውን፣ የፓስፖርቴን ኮፒ አንድ ላይ አስይዤ፣ ላዩ ላይ ኮ-ቲቸሬ በኮሪያኛ ግማሽ ገፅ ፅፋልኝ ሰጠሁ። ያለ ደብዳቤው በዛች አመት አገልግሎቴ ብቻ ወደ 2 ይወስዱኝ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ድሮም 2 መሆን ነበረብኝ፣ አሁን አንድ አመት ጨምሬያለሁ፣ ስለዚ 2+ ይገባኛል ብዬ ነው። ያለፈውን አንከፍልም አሉ፣ እሱን አውቄው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ኮንትራት መጣ፣ ሌቭል 2+፣ 2.1 ሚሊዮን፣ የማደሻ አበል ደሞ 2 ሚሊዮን። በዚህኛው እያንዳንዷን ገፅ ከኮ-ቲቸሬ ጋ አነበብን፣ ሁለት ከሰአት ፈጀብን።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። እርከኔ 2+ ሆነ እማዬ አልኳት። «ፕላሷ ምንድናት?» አለች፣ አስረዳኋት። «ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።» ላክሁላት። ኮሪያኛ አታነብም፣ እንግሊዘኛውንም መነፅር ካላደረገች አታየውም፣ መነፅሯን ስትፈልግ ሰማኋት፣ ከዛ ዝም ብላ ቆየች።

«ቀኑ አለ» አለችኝ። «ስምሽ ልክ ነው። ማህተሙም ተመቷል። በርቺ የኔ ልጅ፣ አሁን ፈርሚ።»