ስለ ልጄ ወንድሜን ጠየቅሁት

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ስሟን ስንጠራት ዞር አትልም ነበር። ጎጃም ውስጥ ይሄ ቶሎ አያስደነግጥም። ዝም የምትል፣ ዓይኗን ሰበር የምታደርግ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትገባ ሴት ልጅ «ጨዋ» ትባላለች፤ አሳዳጊዎቿም ይመሰገኑባታል። ወንድ ብትሆን ኖሮ ቀደም ብሎ አንዱ ጎረቤት «ምነው ይሄ ልጅ?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። በምርመራ ኦቲዝም አለባቸው የሚባሉት ወንዶች ከሴቶች በብዙ ይበልጣሉ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሴቶቹ ሳይስተዋሉ ማለፋቸው እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ። እኔ የቤቴን አይቼ አምኛለሁ።

ሥራዬ ግብርና ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የጎዛምንን፣ የአነደድን፣ የደጀንን ቀበሌዎች እዞራለሁ። ስንዴው ዋግ ሲመታው «ለምን እኛን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ የለም፤ መቼ ታየ፣ ከየትኛው ጥግ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን ዘንቦ ነበር ይባላል። ለልጄም እንደዚያው ደብተር ከፈትሁ። ገጹን በሦስት ከፈልሁት፦ ከመሆኑ በፊት የነበረው፣ የሆነው፣ ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ኋላ ግን ከእኔ ይልቅ የምትጽፈው እሷ ሆነች።

ደብተሩ ውስጥ የገቡት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ውሃ ስትፈልግ ጣቷን ቀስራ አታሳይም፤ የእጄን አንጓ ይዛ ወደ ጆጉ ትጎትተኛለች፣ ፊቴን ግን አታየኝም። ጠርሙስ ክዳኖችን በቀለም ለይታ ትደረድራለች፤ አንዱ ከተነሳ ትጮኻለች። ቀድሞ «እማ» እና «ና» ትል ነበር፣ ጠፋ። ከገበያ ስንመለስ በሌላ መንገድ ከዞርን መሬት ላይ ትወድቃለች። ስሟን ስትጠራ አትሰማም፣ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ትመጣለች።

ብስኩቱን እያሰብሁ «ጆሮዋማ ደኅና ነው» ብዬ ነበር። ያየን ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ይደረግላት አለ። ትክክል ነው። አንዳንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን የማይሰማ ልጅ አለ፤ የጆሮ ኢንፌክሽንም ንግግርን ያዘገያል። ይህን በር ሳይዘጉ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም። የልጄ ጆሮ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈልን። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ሆነ ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ዘመድ ወዲያው ተነሳብን፦ «ልጅቱን እብድ ልታስብሏት ነው?» አልተከራከርናቸውም፤ ካርድ አውጥተን ገባን።

እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጡ ወላጆች ለጭንቅላት ፎቶ ብዙ ብር ከፍለው ነበር የመጡት። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው፤ ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በጭንቅላት ፎቶ አይታወቅም። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ የሚታዘዘው የሚጥል በሽታ ሲጠረጠር ነው፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ያ በሽታ ከሌላው ልጅ በዝቶ ስለሚታይ ጥርጣሬው ካለ መመርመሩ ደግ ነው። ኦቲዝሙን ራሱን ግን ሐኪሙ የሚለየው በጥያቄና በማየት ነው። የእኛም ሐኪም መሬት ላይ ተቀምጦ ከልጅቱ ጋር ኳስ ሲያንከባልል ቆየ፤ ከዚያ ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አነበበው። «ይህን ባታመጡ ኖሮ ዛሬ አንጨርስም ነበር» አለን።

ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚጠቀሙበት መመዘኛ ሁለት ምሰሶ አለው። አንዱ ከሰው ጋር የመግባባት ጉዳይ ነው። ሌላው አንድን ነገር መደጋገም፣ ለውጥን አለመቻል፣ ለድምፅ ለብርሃን ለልብስ ከልክ በላይ ስሱ መሆን ወይም ጭራሹን አለመሰማት ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው። ቀድሞ «አስፐርገር» ተብሎ ለብቻው ይጠራ የነበረውም አሁን እዚሁ ውስጥ ገብቷል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ 20 ጥያቄ ያለው መለያ ቅጽ አለ፤ ልጄ ዕድሜው ቢያልፋትም ሐኪሙ ጥያቄዎቹን እንደ መነሻ አነሳቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ዓይን ለዓይን ታያለች ወይ?» ሲባል የእኛ አገር ወላጅ ይቸገራል፣ ልጁን ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን እንዲሰብር ያስተማረው ራሱ ነዋ። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ ደስ ሲላት ደስታዋን ልታካፍለኝ ትዞራለች ወይ? አውሮፕላን ሲያልፍ «አየኸው?» ለማለት ጣቷን ትቀስራለች ወይ? ይሄ ከጨዋነት ጋር አይምታታም።

ከዚያ ሐኪሙ «በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። «የለም» ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ፦ «ወንድምህስ?»

ታላቅ ወንድሜ ሉማሜ ከእናታችን ጋር ይኖራል፤ እህል መደብር ውስጥ መዛኝ ነው። ሚዛኑን የሚጠራጠር ገበሬ የለም። ሰላምታ ግን አይሆንለትም። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ እንዴት አደርህ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ደግሞ እንደገና እንዴት አደርህ። እሱ አንዴ «ደኅና» ብሎ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ ውጭ ዛፍ ሥር ይቆማል። የአባታችን ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲያው ነበር። ትዕቢተኛ፣ ልበ ደንዳና ተብሏል። ሁለት ጊዜ ታጭቶለት ሁለቱም ፈርሷል። ኦቲዝም በልጅነት የሚጀምር እንጂ በልጅነት የሚያበቃ አይደለም፤ ግን ስለ አዋቂዎቹ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይታይም።

ሉማሜ ሄጄ ለብቻው አገኘሁት። ዙሪያ አልሄድሁም፤ እሱ ዙሪያ ጥምጥም ንግግር አይወድም። «አያ፣ ልጄ ጫጫታ ባለበት ትጮኻለች። አንተም ልጅ ሆነህ ጆሮህን ትይዝ ነበር። ምንድን ነው የሚሆነው?»

ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «አንተ የሚያናግርህን ሰው ትለያለህ። እኔ ውሻውንም፣ ወፍጮውንም፣ ሰውዬውንም እኩል ነው የምሰማ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይገባል።»

«ሰው ለምን አታይም?»

«ዓይን ካየሁ ቃሉ ይጠፋኛል። ቃሉን ልስማ ካልሁ መሬት አያለሁ።»

«ሰላምታውስ?»

«መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ቁም ነገሩን ነው የነገረኝ።

ለፋሲካ እኛ ዘንድ መጥቶ ልጄን ከሩቅ ሲያያት ዋለ። ማታ ላይ «ሹራቧን አውልቁላት፤ አንገቷ ሥር ያለችው ጨርቅ ናት» አለ። የፋብሪካ ምልክት የተሰፋባትን ቁራጭ ማለቱ ነው። ደብተራችን ውስጥ «ጠዋት ልብስ ስትለብስ ታለቅሳለች» የሚል መስመር ለወራት ተደጋግሞ ተጽፎ ነበር። ባለቤቴ መቀስ አምጥታ የልብሶቿን ሁሉ ምልክት ቆረጠች፤ የጠዋቱ ለቅሶ በጣም ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ያልገባኝን ነገር ሁሉ ስልክ ደውዬ አነብለታለሁ። የማያውቀውን «አላውቅም» ይላል። እሱ የሚለው ሁሉ ለልጄ አይሠራም፦ እሱ እርጥብ ምግብ አይነካም፣ እሷ ደግሞ ድንች ቅቅል ከወጥ ጋር ካልተቀላቀለ አትበላም። ነገር ግን ከየት መፈለግ እንደምጀምር ይጠቁመኛል።

በጥቆማው የሠራናቸው ነገሮች ውድ አይደሉም። ግንበኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መከላከያ ከዕቃ መደብር ገዝተን ባጃጅ ስንሳፈርና ንግሥ ስንሄድ ታደርገዋለች። መንገድ የምንቀይር ከሆነ ከቤት ሳንወጣ በፎቶ እናሳያታለን። ውሃ፣ እንጀራ፣ ሽንት ቤት፣ ውጭ፣ «በቃኝ» ለሚሉት ፎቶ አንስተን ፎቶ ቤት አሳትመን በፕላስቲክ አሸፈንናቸው፤ ካርዱን ስትሰጠን ያለ ክርክር ወዲያው እንሰጣታለን። አክስቷ «በካርድ ካስለመዳችኋት አትናገርም» ብላ ነበር። በሥዕል መግባባት ንግግርን አያስቀርም፤ ልጄም ካርዱን እየሰጠች «ውሃ» ማለት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረ። ፍሬ ነገሩ ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስጠናት አይደለም፤ ልብስ ሲታጠብ፣ ቡና ሲፈላ፣ እሱ በሚወደው ነገር በኩል አብሮ መግባት ነው። እኛ ክዳኖቹን አልነጠቅናትም። አጠገቧ ተቀምጠን አንድ እሷ አንድ እኔ እያልን መደርደር ጀመርን። ተራ መጠበቅን የተማረችው በዚያ ነው።

አዲስ አበባን ሳናስብ አልቀረንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እዚያ ነው፤ ነህምያ የተባለው ሌላ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያ ነው። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ለመናገር አፍ የሰጡን እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ተጠባባቂውም ብዙ ነው፣ መንገዱም በእነዚህ ዓመታት እንደ ልብ አይኬድበትም። ቤት ተከራይቶ እዚያ መክረም ለእኔ ደመወዝ አልሆነም። ስለዚህ ሙሉ ጉልበታችንን እዚሁ አደረግነው።

እናቴ ጸበል ትጠመቅ አለች። እኔም ባለቤቴም አልከለከልንም፤ ጭቅጭቁ ለልጅቱ አይበጃትም። የንስሐ አባታችንን ግን አማከርን፦ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ትምጣ፣ በግድ አትነከር፣ ትጠጣ፣ ፊቷን ትታበስ፣ የሐኪም ቀጠሮዋም አይቋረጥ። «ደግ ብላችኋል» ብለው ፈቀዱ። ካህንን በአክብሮት ከጠየቁት ብዙ መንገድ አለው። ባለቤቴን ግን «እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ነው?» የሚሏትን ሴቶች ያስቆምኋቸው በአክብሮት አልነበረም። ድሮ ፈረንጆቹም በእናት ያሳብቡ ነበር፤ የተጣለ ሐሳብ ነው። የዘር ድርሻው ትልቅ ነው፣ እሱም በእኔ በኩል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነገርኋቸው። ክትባት ነው የሚሉም ነበሩ፤ ያን ወሬ ያስነሳውን የ1998 ጽሑፍ በ2010 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሔት ራሱ ሰርዞታል። መድኃኒትም ቢሆን ኦቲዝሙን የሚያጠፋ የለም፤ ለከባድ ቁጣ፣ ራስን ለመጉዳት ወይም ለእንቅልፍ ሐኪም የሚያዝዘው አለ፣ ለእኛ እስካሁን አላስፈለገም።

ትምህርት ቤት ለማስገባት የሐኪሙ ወረቀት ጠቀመን። ርእሰ መምህሩን «ልዩ እንክብካቤ» ብዬ አልለመንሁም፤ የምፈልገውን ቆጥሬ ነገርሁት። ግድግዳ ዳር ትቀመጥ፤ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ካለቀ በኋላ ትግባ፤ ካርዶቿ ቦርሳዋ ላይ ይንጠልጠሉ፤ ስትጮኽ መምህሯ ወደ ግቢው ዛፍ ትውሰዳት እንጂ አትምታት። አብዛኛው ተፈጸመ። መምህሯ ሌሎቹንም ልጆች በካርድ ማስተማር ጀምራለች።

ወንድሜን «አንተስ አትመረመርም?» አልሁት። አዋቂን ለመመርመር ሐኪሙ የልጅነቱን ታሪክ ከሚያውቅ ሰው ይሰማል፤ እናታችን በሕይወት ስላለች ይቻላል። «ወረቀቱ ጫጫታውን ይቀንሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አይቀንስም። «እንግዲያው ይቆይ» አለ። የሱ ነገር ነው፤ አልገፋሁትም። ያነበብሁትን አንድ ታሪክ ግን ነገርሁት፦ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በጻፈው ጥናት የመጀመሪያው ልጅ ሆኖ የተመዘገበው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ በትንሽ ከተማ ባንክ ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ ነው የሞተው። ወንድሜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የከተማው ሰው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያስገቡት ነበር?»

በእሱ ፈቃድ የእድሩን ዳኛ አነጋገርሁ። ትዕቢት እንዳልሆነ፣ ድምፁ እንደሚያመው፣ ሥራ ቢሰጠው ግን ከማንም በላይ እንደሚያግዝ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ብዙ አልጠየቁኝም። «ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁንም?» ብለው የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሰጡት። አሁን ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብርጭቆውን ቆጥሮ ያወጣል፣ ቆጥሮ ያስገባል፤ ድንኳን ውስጥ ለምን አልገባህም የሚለው የለም፣ ሥራ ላይ ነውና። ባለፈው ሁለት ብርጭቆ ጎድሎ ሐዘንተኛውን ሳይቀር በሌሊት አስነሥቶ አስፈልጓል። ዳኛው ደውለው ከሰሱት፤ ቁልፉን ይቀበሉት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን «ኧረ ተወው፣ ካሁን በፊት ስንት ዕቃ ጠፍቶብናል» አሉ።