ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፣ አንድ ብቻ ወጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የዲቪ ሰሞን፣ ሰፈራችን ባለ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ለሦስት ሰው እሞላለሁ፦ ለጎረቤታችን ለእትዬ ልጅ፣ አጠገቤ ለቆመው ጓደኛዬ፣ በመጨረሻም ለራሴ። ዲቪ የሞላ ያውቀዋል። ፎርሙን ስትጨርስ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል። ውጤት የሚታየው በእሱ ነው። የቤቱ ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል። «ችግር የለም፣ ስክሪንሹት አነሳዋለሁ» አልኩ።

የእትዬን ልጅ ጨረስኩና ፕሪንት ስክሪን የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩ። የጓደኛዬን ጨረስኩ፣ ተጫንኩ። የራሴንም እንደዚያው። ከዚያ ዘና ብዬ ፔይንት የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ከፈትኩና ምስሉን ለመለጠፍ ኮንትሮል ቪ አልኩ። የራሴ ቁጥር ወጣ። ደገምኩት፤ አሁንም የራሴ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው እኔው ነኝ። ገጾቹን ዘግቻቸዋለሁ። እንደገና ልሙላ እንዳልል ደግሞ፣ በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ የሞላ ሰው ከውድድሩ ይሰረዛል።

ጓደኛዬ ብልጥ ነው፣ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። ግን ምስሉ ሞገድ ሞገድ ሠርቶ፣ አንዷ ምልክት 8 ትሁን ቢ ሳይለይ ቀረ። ለእትዬ ግን ምንም አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።

በኋላ ስጠይቅ የገባኝ ይኼ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንት ስክሪን ብቻዋን ስትጫናት ምስሉን ፋይል አድርጋ አታስቀምጥም። ኮፒ የተደረገ ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበት ክሊፕቦርድ ላይ ነው የምታቆየው። ክሊፕቦርድ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት በርጩማ ነው፤ አዲስ ሲመጣ የነበረው ይነሳል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋማ፣ ወይም መብራት ሲሄድ፣ በርጩማው ራሱ ባዶ ይሆናል።

አሁን የምጠቀመው የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ፕሪንት ስክሪንን መጫን ነው። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለም ይላል፤ ያኔ ምስሉ በቀጥታ ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሹትስ የሚባል ፎልደር ገብቷል ማለት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትለዋም ቁልፍ አብራ መጫን አለባት። ጨለም አለ ብዬ ግን አላምንም። ፎልደሩን ከፍቼ፣ ቁጥሩን በዓይኔ አንብቤ ነው ገጹን የምዘጋው።

ከስክሪኑ ቁራጭ ብቻ ስፈልግ ዊንዶውስ፣ ሺፍት እና ኤስ አንድ ላይ እጫንና በማውስ እከብበዋለሁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ይሄም ክሊፕቦርድ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሴቭ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። ደግነቱ ዊንዶውስ እና ቪ ስትጫኑ የክሊፕቦርድ ታሪክ የሚባል ነገር አለ። አስቀድማችሁ ካበራችሁት እስከ 25 የሚደርሱ የኮፒ ነገሮችን ይይዛል። ያን ቀን በርቶ ቢሆን ኖሮ የእትዬ ልጅ ቁጥር እዚያው ይገኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ግን ፒን ያልተደረገው፣ ማለትም እንዲቆይ ያልተሰካው፣ ሁሉ ይጠፋል።

ስምም ወዲያው እሰጠዋለሁ። «ስክሪንሹት (47)» የሚል ፋይል ከስድስት ወር በኋላ የማን እንደሆነ ማን ያስታውሳል? ስክሪንሹቱ የሚቀመጥበትን የምስል ዓይነት፣ ፒኤንጂን፣ ጄፔግ ወደሚባለው ሌላ ዓይነት አልቀይረውም፣ ጄፔግ የፊደሎችን ጠርዝ ያደበዝዛል። በቴሌግራም ስልከውም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል። የሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆንኩ ደግሞ ፋይሉን ለራሴ ልኬ እዚያ ያለውን አጠፋለሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር። ስምና የትውልድ ቀን ያለበት ነገር ኢንተርኔት ቤት ጥሎ መሄድ ደግ አይደለም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። «ልጄ፣ ያቺ ቁጥርስ?»

ተናዘዝኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተን ላፕቶፔ ፊት ተቀመጥን። ውጤት የሚታይበት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ለረሳ ሰው የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ስም፣ የትውልድ ቀንና ስትሞሉ የሰጣችሁትን ኢሜይል ይጠይቃል። ኢሜይሉ የራሷ ነበር፣ እግዜር ይስጣት። ያስቸገረን የትውልድ ቀኗ ነው፤ ወደ ፈረንጅ ስንቀይረው በአንድ ቀን ተሳስተን ኖሮ፣ ያንኑ ስህተት ደግመን ማስገባት ነበረብን። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቁጥሩ ወጣ። አስገባነው።

አልተመረጠችም።

«ለዚህ ነው እንዲህ የደነገጥከው?» አሉ እትዬ። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን እጄ ለምዶ ኖሮ፣ ስክሪኑ ጨለም ሲል ነው የነቃሁት። «አልተመረጠችም» የሚለውን ገጽ በስሟ ሴቭ አድርጌው ነበር።