አራት ዘፈን በአራት ቅኝት፦ የመጀመሪያ ኢፒያችንን እንዴት ሠራን

ባንዳችን ውስጥ ሮክ የሚወድ አለ፣ ደብ (ከሬጌ የወጣ፣ ቤዝና ኢኮ ማለትም ማስተጋባት የሚበዛበት ሙዚቃ) የሚወድ አለ፣ አዝማሪ ቤት ያደገ ማሲንቆ ተጫዋች አለ። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። እኛ አገር አልበም ሲባል ከአሥር በላይ ዘፈን ይጠበቃል። እኛ ግን ኢፒ ማለትም አጭር አልበም ስለሆነ አራት ይበቃናል አልን፤ ለአራቱ ቅኝቶች (ዜማ ለሚሠራባቸው የአምስት ድምፅ ስብስቦች)፣ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ አንዳንድ። ወሰኑ ብዙ ክርክር አስቀረልን።

ከሁሉም ያስተማረን አንቺሆዬ ነው። የሮክ ጊታር ጉልበቱ ፓወር ኮርድ ነው፤ መነሻው ድምፅና አምስተኛው አብረው ይመታሉ። ከሲ ከተነሳን (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ) አምስተኛው ጂ ነው። የአንቺሆዬ ድምፆች ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው። ጂ የለም! በሌሎቹ ሦስት ቅኝቶች ግን አለ። ጊታሩ እንደለመደው ሲገባ ማሲንቆው ከያዘው ጂ ፍላት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ኮርዱን ተውነው። ጊታሩ ዲስቶርሽኑን (የሻከረ የሮክ ድምፁን) እንደያዘ ከማሲንቆው ጋር አንድ ዜማ ተጫወተ። ቅኝቱ ሳይነካ ዘፈኑ ሮክ ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር ሲያዋህድ የገጠመው ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል፤ አምስቱን ድምፅ ሳትሸፍን ምን ትጨምራለህ?

ምቱ ቀለል ብሎ መጣ። ችክችካ የሚባለው የአገራችን ምት 6/8 ነው፤ በአንድ ዙር ስድስት ይቆጠራል። ከበሮው ስድስቱንም ሲሞላ ቤዙ ሁለት ብቻ ይመታል፤ በተረፈው ቦታ የደቡ ኢኮ ይገባል።

ስቱዲዮ ውስጥ የቃኘነው በድምፃዊቷ ነው። ክራሩ በእሷ ድምፅ ተቃኘ፣ እኔ ደግሞ ቤዙን በክራሩ ቃኘሁ። ኪቦርድ ቢቀድም ኖሮ ክራሩ ለእሱ መገዛቱ ነበር። ማሲንቆ ተጫዋቹ ክሊክ (ፍጥነት የሚጠብቅ የ«ቲክ ቲክ» ድምፅ) በጆሮው ሲገባ ጨዋታው ደረቀ። ክሊኩን ለድራመሩ ብቻ ሰጠንና ሁለቱ በመስታወት እየተያዩ ባንድ ጊዜ ቀዱ። የዚያን ቀን የወጣው ድምፅ ዛሬም ያስደስተኛል።

ሚክሲንግ ላይ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ስናመጣጥን፣ ክራሩ እንዲሰማ የጊታሩን መካከለኛ ድምፅ ቀነስን።

ዘፈኖቹን ከመልቀቃችን በፊት ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ፣ ገቢውም እንዴት እንደሚከፈል ጽፈን ፈረምን። እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። ማሲንቆ ተጫዋች የፈጠረው ዜማ «ባህላዊ ነው» እየተባለ ድርሻው ሲታለፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የአንቺሆዬውን ዜማ ያመጣው እሱ ነው፤ ስሙም በዜማ ደራሲነት ሰፍሯል።